ከግራ ጥግ የሚመጣው ራጽ

ጋሼ በግራ በኩል ማየት ያቆሙት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። በኋላ የመረመረቻቸው የዓይን ሐኪምም መገመት እንጂ ማወቅ አልቻለችም። እኔ የጠረጠርኩት በቼዝ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ያረጋገጥኩትም እዚያው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ጋሼ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በየማለዳው፣ የጽዳት ሠራተኛ ሴቶችን በሚኒባስ ጭነው ከፔታ ቲክቫ እስከ ሮሽ ሃዓይን ያደርሱ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ነገር አልነበረም፤ ሰው ሊሞት ይችል ነበር።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። አባታችን ቶሎ ስላረፉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከጎንደር ወደ እስራኤል ስንወጣም እጄን ይዘው ያመጡኝ እሳቸው። እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላቸው። ልጆቼ ይስቁብኛል። «ወንድምህ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል በዕብራይስጥ። ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ክብር ነው፣ ፍቅር ነው፣ ስንት ነገር ነው። አሁን ግን ሳስበው እናደዳለሁ፤ ወንድሜን ሊያጠፋቸው የነበረው ይኸው ማክበራችን ነበርና።

ቼዝ ያስተማራቸው አንድ ሩሲያዊ ነው። ኪርያት አርዬ ውስጥ በአንድ ዳቦ ቤት አብረው ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱም ለአገሩ አዲስ፣ የሁለቱ ዕብራይስጥ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም። በዕረፍት ሰዓት የዳቦ ሣጥን ገልብጠው ሰሌዳ ያስቀምጡበታል። ሰውየው የታላላቆቹን፣ የግራንድ ማስተሮቹን ጨዋታዎች በቃሉ የሚያውቅ ስለነበር ከመጫወት ይልቅ ማሳየት ይወድ ነበር። ጠጠሮቹን ይደረድርና እስከ ወሳኟ ቦታ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ያቆምና በጣቱ ጋሼን ይጠቁማል፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ ማለቱ ነው። ጋሼ ይሞክራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ሰውየው ራሱን ይነቀንቅና ታላቁ ተጫዋች ያደረገውን ያሳያቸዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው ሰሌዳውን ያዩታል። ጋሼ ስለዚያ ዝምታ ሲያወሩ እስካሁን ፊታቸው ይበራል።

ሩሲያዊው ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ማለቴ ነው። የነካኸውን ጠጠር ታንቀሳቅሳለህ። ንግሥትህን ሳታይ ብታስበላ አይመልስልህም፤ ወስዶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣትና «ቲስታኬል!» ይላል፤ ተመልከት ማለት ነው። ጋሼ ተጫዋች የሆኑት በዚህ ቃል እየተበሳጩ ነው። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል። በሕይወት ቢኖር ኖሮ የጋሼን ዓይን ነገር በአንድ ከሰዓት ያገኘው ነበር እያልኩ የማስብበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የተጫዋቾቹን ስም መያዝ አይወዱም። «ስማቸው ምን ያደርግልኛል? ያደረጉትን ልያዝ እንጂ» ይላሉ። ስለዚህ ለየጨዋታው ራሳቸው ስም ያወጣሉ።

አንዱን «የንጉሡ የእግር መንገድ» ይሉታል። በቼዝ ንጉሥ የሚደበቅ ፍጡር ነው፤ ንግሥቶችና ግንቦች በሰሌዳው ላይ እያሉ ደጅ የወጣ ንጉሥ ዕድሜው አጭር ነው። በዚያ ጨዋታ ግን ነጩ ንጉሥ፣ ጠላት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ቆሞ እያለ፣ ከመደበቂያው ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ጥቁሩ ንጉሥ ይሄዳል። ንግሥቱን ለማገዝ ነው የሚሄደው። ጥቁሩ ሲመጣ ያየዋል፤ ጠጠሮቹ ግን በሙሉ ስለተጠፈሩ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተጋጣሚው እጁን ሰጠ። ጋሼ ይህን ሲያሳዩ ንጉሡን በሁለት ጣት ሳይሆን በሙሉ መዳፋቸው ነው የሚገፉት፣ ሽማግሌ መንገድ እንደሚያሻግሩ።

የእኔ ምርጫ ሌላ ነው፤ ጋሼ «ስጦታው» ብለውታል። ጥቂት ጠጠር ብቻ የቀረበት፣ ማንም ሰው አቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ጨዋታ ነው። እዚህ አገር በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር ራጽ ይሉታል፣ ሯጭ ማለት ነው፤ እኛም ከሩሲያዊው በዚሁ ስም ስለሰማነው ሌላ ስም አልፈለግንለትም። በዚያ ጨዋታ ጥቁሩ ያለውን አንድ ራጽ ወስዶ የነጩ ወታደር በቀላሉ በሚበላው ቦታ ያስቀምጠዋል። እብድ ይመስላል። ግን ነጩ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ የጥቁሩ ንጉሥ አንድ እርምጃ ተርፎለት መንገዱን ጀምሯል፤ ያቺ እርምጃ ትበቃዋለች። ይህን መጀመሪያ ያየሁት በቀዩ ባቡር ውስጥ ወደ ሥራ ስሄድ በስልኬ ነው። መውረጃዬ አለፈኝ፤ አለቃዬም ጮኸብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

አሁን በስልክ በሚታዩት ጨዋታዎች ጎን ላይ የምትወጣና የምትወርድ መስመር አለች፤ ማሽኑ ማን እንደሚበልጥ የሚናገርባት ናት። ልጆቼ ጨዋታውን ትተው መስመሯን ያያሉ። አንድ ሰው ላብ እያሰመጠው፣ ሰዓቱ እየሄደበት፣ በድፍረት ያደረገውን ነገር ማሽኑ «ስህተት» ብሎ በቀይ ይጽፍበታል። ስልኩን በመስኮት ልወረውረው ይቃጣኛል። ያ ሰው ያሸነፈው ተጋጣሚው ሰው ስለሆነና ስለደነገጠ ነው፤ ይህን ለልጆቼ ብነግራቸው «በሰደር፣ አባ»፣ እሺ አባዬ፣ ብለው ወደ መስመራቸው ይመለሳሉ።

የጋሼ ነፍስ ያለችው ግን «ሁለቱ ራጾች» በሚሉት አሮጌ ጨዋታ ውስጥ ነው። ነጩ ሁለት ራጾች አሉት። አንዱ መሐል ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ። ሌላው በግራ ጥግ፣ ከገዛ ግንቡ አጠገብ፣ የተረሳ የሚመስል። መጀመሪያ መሐለኛው ሄዶ ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት ያለውን ወታደር ይበላና ራሱን ያስበላል። ንግሥቲቱ ትከተላለች፤ ንጉሡ ይሸሻል። አሁን ሁሉም ሰው ንግሥቲቱን ያያል። ያን ጊዜ የተረሳው ራጽ ከግራ ጥግ ተነስቶ ሰሌዳውን በሙሉ አቋርጦ የቀረውን ወታደር ይበላል፤ እሱም ራሱን ይሰጣል። ንጉሡ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግርግር አለ፣ ግንብ ይመጣል፣ ጥቁሩ ለመትረፍ ንግሥቱን ይከፍላል። እኔ የምወደው ግርግሩ ሲያበቃ ያለውን ነው፤ ነጯ ንግሥት ድምፅ ሳታሰማ ወደፊት ትሄድና ሁለት ጠጠሮችን ባንድ ጊዜ ትይዛለች። ጋሼ ግን የሚወዱት ያን ከጥግ የሚመጣውን ነው። «እየው እንግዲህ» ይሉኛል ሁልጊዜ፣ «ሁሉም ቀኝ ቀኙን ሲያይ እሱ ከግራ ተነስቶ!»

ከገበያው ጀርባ ባለች መናፈሻ የድንጋይ ጠረጴዛዎች አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኛ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ አንዳንዱ ይጫወታል፣ የሚበዛው ቆሞ ያወራል። በእኛ ዘንድ ተመልካች አፉን አይዘጋም። «ፈረሱን! ፈረሱን!» ይላል አንዱ፤ «ዝም በል አንተ ምን ታውቃለህ» ይላል ሌላው። ጋሼ ሲቀመጡ ግን ሁሉም ጨዋ ይሆናል። ከሁሉም የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የስንቱን ጠብ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ በግራ ዳር ያለ ፈረሳቸውን እንዲሁ ትተው ሌላ ነገር ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። ተጋጣሚያቸው በእኔ ዕድሜ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ፈረሱን አየው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ በሌላ ጥግ አንድ ወታደር ገፋ። ትልቅ ሰው ዝንጋታ ሲገጥመው አይበላበትም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ቢበዛ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት» ይባላል፤ እሱም ይከብዳል። በሌላው ቅዳሜ ግንባቸው ነበር። ከዚያ ሌላ ፈረስ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው «ጋሼ ወጥመድ እያስቀመጡ ነው» ይባባላሉ፤ አንዳንዱ ይህን ከልቡ ያምን ነበር። እኔም ከእሳቸው ጋር ስጫወት ያየሁትን አልበላም ነበር፤ የደከሙ መስሎኝ። እንዲህ እያልን ጋሼ ማሸነፋቸውን ቀጠሉ።

ቤታቸውም እንደዚሁ ሆኖ ነበር። ባለቤታቸው የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጋሼ ቀኝ ማስጠጋት የለመዱት መቼ እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። የሚኒባሱ የግራ መስታወት በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። «ቆሞ እያለ ሰው ገጭቶት ሄደ» ብለውኛል ጋሼ፤ አልዋሹም፣ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ዓይን ምርመራ ባነሳባቸው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ሰሌዳ እስከ ትንሿ ጽሑፍ አነበቡልኝና ሳቁብኝ። ፊት ለፊት ያለውን ከእኔ በተሻለ ያያሉ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ከሥራ እንደገባሁ፣ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በጋሼ ሚኒባስ ከሚሄዱት ሴቶች አንዷ ናት። አልቀመጥም አለች።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን ከእሷ ሰማሁ እንዳትል።»

«ምንድን ነው?»

«ዛሬ አደባባዩ ጋ ሞተር ሳይክል በግራ በኩል መጣ። ጋሼ ዝም ብለው ገቡበት። ሁላችንም ጮኽን። ሞተረኛው ነው ያተረፈን፤ ዘሎ የመንገዱ ዳር ላይ ወጣ።»

«ጋሼ ምን አሉ?»

«‹ምን ሆናችሁ?› አሉን። ‹ምንም ጋሼ፣ እንዲሁ ነው› አልናቸው።»

«ምንም?»

«ታዲያ ምን እንበላቸው?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አላዩም ብለን ፊታቸው እንናገር? አባታችን ማለት እኮ ናቸው። ለአሠሪያችን ለካብላኑ ብንነግረው ወዲያው ያባርራቸዋል። አንተ ወንድማቸው ነህ፣ አንተ ንገራቸው።»

«እሑድ ትሳፈሪያለሽ?»

«ሌላ በምን ልሄድ?» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ተናደድኩ። በእሷ ተናደድኩ፣ በሴቶቹ በሙሉ፣ በመናፈሻው ሰዎች፣ በራሴም። ሞት አጠገባችሁ አልፎ «እንዲሁ ነው ጋሼ» ይባላል? ከዚያ ግን ራሴን እዚያ ሚኒባስ ወንበር ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ እኔም «ምንም ጋሼ» እንደምል ገባኝ። መንገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ዝም ብዬ ብነግራቸው ግን እንደማያምኑኝ፣ የፋርማሲውን ሰሌዳ አንብበው እንደሚስቁብኝ፣ እሑድ ቁልፋቸውን ይዘው እንደሚወጡም አውቅ ነበር። ራሳቸው ማየት ነበረባቸው። የማያዩትን ነገር እንዲያዩ ማድረግ የምችልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጠዋት ጋሼ እኔ ጋ መጥተው አንድ የታላላቆቹን ጨዋታ ደግመን እናያለን፤ የዓመታት ልማዳችን ነው። ሰሌዳው የሚቀመጠው በማማዱ ነው፤ ሳይረን ሲጮህ የምንገባበት ባለ ብረት በር ክፍል ውስጥ። ሳይረን በበዛበት ሰሞን እዚያ ወለል ላይ ተቀምጠን ስንቱን ጨዋታ ደግመናል። ልጆቹ ሲፈሩ ጋሼ «የንጉሡን የእግር መንገድ» ያሳዩአቸው ነበር።

በዚያ ዓርብ ጋሼ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰሌዳውን በረንዳው ላይ አወጣሁና በ«ሁለቱ ራጾች» ጥቃቱ ሊጀምር ሲል ያለውን ቦታ ደረደርኩ። ነጩን በእሳቸው በኩል አደረግሁ። መጨረሻ ላይ በግራ ጥግ ያለውን ራጽ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

«ዛሬ የቱን ነው?» አሉ ጋሼ ወንበራቸውን እየሳቡ።

«ሁለቱን ራጾች።»

«እሰይ!»

ሰሌዳውን አዩት። አየት አድርገው አላለፉም፤ በደንብ አዩት። አሁን «ራጹ የት አለ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲሉ ፈጣሪን ለመንኩ። አላሉም። ፈረሳቸውን ወደ ቀኝ ዳር አዘለሉ፤ በእኔ ፈረስ በላሁት። መሐለኛውን ራጽ አነሱና ወታደሬን በሉ፤ በንጉሤ በላሁት። ንግሥታቸው መጥታ ፈረሴን በላች፣ ቼክ አሉ፤ ንጉሤን ወደ ቤቱ መለስኩ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ዓይናቸው ከንጉሤ ላይ አልተነሳም።

«እየው እንግዲህ» አሉ፣ «ሁሉም ቀኝ ቀኙን ሲያይ።»

እጃቸው ወደ ግራ ጥግ ሄደ። ጣቶቻቸው ተገጣጠሙ፤ በመሐላቸው ምንም አልነበረም። አሁንም ንጉሤን እያዩ እጃቸው መፈለግ ጀመረ። አንዱን ወታደር ነኩና ተዉት። ግንቡን ነኩ፣ በቅርጹ አወቁት፣ ተዉት። ወደ ባዶው ቦታ ተመልሰው እንጨቱን ዳሰሱት፣ መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ቀስ ብለው ጭንቅላታቸውን በሙሉ ወደ ግራ አዞሩ።

«የት አለ?»

ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«መቼ ነው ያነሳኸው?»

«ገና ሳይቀመጡ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ ነበር እኮ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አላዩትም። በቃልዎ ስለሚያውቁት ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንተ ልጅ፣ እኔን ነው የምትፈትነኝ?» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። መሐል ላይ እንዳላቆም ስለፈራሁ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወራሁት፤ መስታወቱን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ የመናፈሻውን ፈረሶችና ግንቦች።

«ቆይ» አሉ። «መናፈሻ ያልከው ምንድን ነው?»

«እያዩ ነው የማይበሉብዎት፣ ጋሼ። ስለሚያከብሩዎት።»

«ትተውልኝ ነው?»

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ከሞተር ሳይክሉ ይልቅ ይህ የጎዳቸው መሰለኝ። ሰሌዳውን እንደገና አዩት፤ አሁን ጭንቅላታቸውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ነበር የሚያዩት። ታች መንገዱ ላይ ሰዉ ለሰንበት ሸምቶ ወደየቤቱ ይሮጣል፤ አውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል።

«ሴቶቹ ሲጮሁ ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በስልክ የሆነ ነገር አይተው የሚሳሳቁ መስሎኝ ነበር።»

ከኪሳቸው የሚኒባሱን ቁልፍ አውጥተው በጠጠሮቹ መሐል ጣሉት፤ ንጉሤ ወደቀ። ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት በእግር የሚኬድ ነው፤ ግን ዓርብ ቀን ነበር፣ መንገዱ ይጨናነቃል። በግራቸው በኩል፣ ክንዴ ክንዳቸውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቼ ሄድኩ። አንድ ጎረምሳ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የእግረኛውን መንገድ ይዞ በግራ በኩል መጣ፤ ፊቱ ቆምኩና በዕብራይስጥ ሰደበኝ፣ ዞሮ አለፈ። ጋሼ ወደፊት እያዩ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሰው አጠገባቸው እንዳለ ቢያውቁ አያደርጉትም ነበር። እስከ ሕንፃቸው በር ድረስ መኖሬን አላወቁም። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ።

በኩፓት ሖሊም፣ በጤና መድን ክሊኒኩ፣ ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች። ሳያሳምም፣ ሳያስታውቅ ከዳር ከዳር እየበላ የሚመጣ ነው። የግራው ዓይን ከሞላ ጎደል ሄዷል፤ የቀኙም በአፍንጫው በኩል ያለውን አጥቷል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና የጋሼን ፊት አይታ አቋረጠችው። እሷም አከበረቻቸው። መንጃ ፈቃዳቸውን ያን ሰሞን መለሱ። በዘር የሚሄድ ስለሆነ አንተም ተመርመር ስትለኝ ተመረመርኩ፤ የእኔ ለጊዜው ደህና ነው።

ቁልፉን በዚያው ዓርብ ስላደረስኩለት ካብላኑ እሑድ ጠዋት ሌላ ሾፌር አምጥቶ ነበር፤ ጋሼን ደውሎ እንኳ አልጠየቃቸውም። ባለቤታቸው አንዲት አሮጊት የሚጦሩበት ሥራ ነበራቸው፤ አሁን ሙሉ ቀን ሆነ። ጋሼ ቤት ዋሉ። እኔ ስሄድ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ሌላ አይጨምሩም። ዓርብ ጠዋት ሰሌዳውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ጠብቄ ጠብቄ ወደ ማማዱ እመልሰዋለሁ። ትክክል እንዳደረግሁ አውቃለሁ። ትክክል ማድረግ እንዲህ የሚያንገበግብ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ መናፈሻው መጡ። ሰዎቹ ብድግ ብድግ አሉ። የዓይናቸውን ነገር ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም ግን አላነሳባቸውም፤ «ጠፉ እኮ ጋሼ» ብቻ ነው ያሉት። በዚያ በጥበቃ ሠራተኛው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ከተመልካቾቹ ጋር ቆምኩ፤ ይዩኝ አይዩኝ አላወቅሁም።

በጥሩ ሁኔታ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ንግሥታቸውን አንቀሳቀሱ፣ ተጋጣሚያቸው በሰሌዳው የግራ ጥግ ያስቀመጠው ራጽ በቀጥታ በሚያያት ቦታ ላይ አሳረፏት። ሁሉም ሰው አየ። ሁሉም ዝም አለ። የጥበቃ ሠራተኛው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እጁን ወደ አንድ ወታደር ሰደደ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። «የምትበላው ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሼ። ምንም የለም።»

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ አዞሩ፣ ሐኪሟ እንዳሳየቻቸው። ራጹን አገኙት። ከእሱ ተነስተው በዓይናቸው ሰያፉን ይዘው መጡ፣ እስከ ንግሥታቸው ድረስ።

«ብላት» አሉ።

«ጋሼ፣ ይመልሷት ግድ የለም፣ እኛ እኮ...»

«ብላት አልኩህ!» ድንጋዩን ጠረጴዛ በመዳፋቸው መቱት። «እናንተ ስትተዉልኝ ነው እኔ ሰው ልገድል የነበረው።»

ሰውየው ንግሥቲቱን በላት፤ ከበላት በኋላ ግን የት እንደሚያስቀምጣት አላወቀም። ጋሼ ሰሌዳውን እያዩ ስሜን ጠሩ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«አቤት፣ ጋሼ። በግራዎ ነኝ።»

ዞረው አዩኝ። «ያ ሩሲያዊ እንዲህ ስሆን ምን ነበር የሚለኝ?»

አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለወንድሜ ተናግሬ አላውቅም።

«በለው እንጂ» አሉ ጋሼ።

«ቲስታኬል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ያለ ንግሥት መጫወታቸውን ቀጠሉ።